ጫማ የሰፋው መምህር



በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ብዙዎቻችን ሌሊቱን ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን አሳልፈናል። የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና በአሜሪካ፣ በኦሪገን ግዛት፣ ዩጂን በምትባል ከተማ ይካሄድ ነበር። ለተሰንበት ግደይ በ10,000 ሜትር፣ ጉዳፍ ጸጋይ በ5,000 ሜትር፣ ታምራት ቶላና ጎተይቶም ገብረስላሴ በማራቶን ወርቅ አጠለቁ። በ4 ወርቅ፣ በ4 ብርና በ2 ነሐስ ከዓለም ሁለተኛ ወጣን። የመሙ ውድድር የተካሄደበት ስታዲየም ሄይዋርድ ፊልድ ይባላል። በዓመቱም ጉዳፍ እዚያው ተመልሳ 5,000 ሜትርን በ14 ደቂቃ ከ00.21 ሰከንድ ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረችበት።

ለዛሬው ንግግሬ የመረጥኩት ሰው ግን በዚያ ሜዳ ዳር ለ24 ዓመት ሰዓት ይዞ የቆመ መምህር ነው። ቢል ባወርማን ይባላል። ስሙን የሰማችሁ ካላችሁ ከናይኪ ጫማ ጋር ተያይዞ ይሆናል የሰማችሁት፤ ኩባንያውን ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ ነውና። እኔ ዛሬ የምሟገተው ለመምህርነቱ ነው። ጫማውም፣ ንግዱም፣ ሰፊውን ሕዝብ ሶምሶማ ያስሮጠው ዘመቻም የተቀዱት ከአንድ ምንጭ ነው፤ ፊቱ የቆመውን ተማሪ አንድ በአንድ አስተውሎ ከማየቱ። ይህን ካላየን ሕይወቱን የአንድ ሀብታም ታሪክ አድርገን እናሳንሰዋለን። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባወርማን የተወለደው የካቲት 1911 በፖርትላንድ ከተማ ነው። አባቱ የታወቀ ፖለቲከኛ ነበር፤ ለጥቂት ወራት የኦሪገን ተጠባባቂ አገረ ገዢ ሆኖ ሠርቷል። ነገር ግን ወላጆቹ ገና በልጅነቱ ተለያዩ። መንታ ወንድሙም በሕፃንነቱ በአሳንሰር አደጋ ሞተ። እናቱ ልጆቿን ይዛ ወደ ትውልድ ቀዬዋ፣ ፎሲል ወደምትባል ትንሽ ከተማ ገባች። ፎሲል በምሥራቅ ኦሪገን በደረቅ ኮረብታዎች መካከል ያለች፣ ሕዝቧ ከብትና በግ አርቢ የሆነ ከተማ ናት። የባወርማን ልብ ዕድሜውን ሙሉ ከዚያች ቀዬ አልወጣም። በኋላ በዓለም ዙሪያ ስሙ ሲጠራም ቢሆን ሲያሻው ዓሣ የሚያጠምድ፣ ሲያሻው በጎቹን የሚከተል የገጠር ሰው ሆኖ ነው የኖረው።

ሁለተኛ ደረጃን የተማረው በሜድፎርድ ነው። ባርባራ ያንግን ያገኘውም እዚያው ትምህርት ቤት ነው፤ በ1936 ተጋቡ። ኦሪገን ዩኒቨርሲቲ የገባው ደግሞ በአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋችነቱ ነው። እዚያ ቢል ሄይዋርድ የሚባል አንጋፋ አሠልጣኝ አገኘው፤ ስታዲየሙ የተሰየመው በእሱ ነው። ሄይዋርድ የወጣቱን አሯሯጥ አይቶ እጁን፣ ጉልበቱን፣ እርምጃውን እያረመ እንደ አዲስ መሮጥ አስተማረው። አንድ ጎልማሳ አሠልጣኝ ጊዜውን ሰጥቶ የአንድን ልጅ እርምጃ ማስተካከሉ ትንሽ ነገር ይመስላል። ባወርማን በኋላ ለራሱ ተማሪዎች ያደረገው ሁሉ ግን የዚህ ቅጂ ነው።

ሲመረቅ ሥራ የጀመረው በሁለተኛ ደረጃ መምህርነት ነው። በ1934 በፖርትላንድ ሥነ ሕይወት ያስተምርና ኳስ ያሠለጥን ነበር፤ በዓመቱ ወደ ሜድፎርድ ተመለሰ። ሥነ ሕይወት ማስተማሩን ልብ በሉልኝ። ጡንቻ እንዴት እንደሚደክም፣ እንዴትም እንደሚያገግም፣ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት አካል እንደሌለው በክፍል ውስጥ ሲያስረዳ የኖረ ሰው ሜዳ ላይ ሲወጣ ሁሉንም በአንድ ዱላ ሊነዳ አይችልም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ባወርማን የተመደበው በአሥረኛው የተራራ ክፍለ ጦር፣ በ86ኛው ሬጅመንት ነው። ይህ ክፍለ ጦር በኮሎራዶ በረዷማ ተራሮች ሠልጥኖ በ1944 መጨረሻ ወደ ጣሊያን ዘመተ። ባወርማን ስንቅና ትጥቅ ያደራጅ ነበር፤ መኪና በማይወጣው የአፔናይን ገደል ጭነቱን የሚያወጡት በቅሎዎች ነበሩና እነሱንም የሚያስተዳድረው እሱ ነው። በመጨረሻም የአንድ ሻለቃ አዛዥ ሆነ። ጦርነቱ ሊያበቃ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በብሬነር መተላለፊያ አቅራቢያ ከነበረ የጀርመን ጦር ጋር ተደራድሮ ተኩስ እንዲቆም አድርጓል። አንድ የብርና አራት የነሐስ ኮከብ ሜዳይ ተሸልሞ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

የበቅሎ ነገር ከአእምሮው አልወጣም መሰለኝ። ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ከሆነ በኋላ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች የሚነግራቸው አንድ ተረት ነበረው። አንድ ገበሬ በቅሎው አልታዘዝ ብትለው የበቅሎ አሠልጣኝ አስጠራ። ሰውዬው እንደመጣ አጣና አንስቶ በቅሎዋን ግንባሯ ላይ አላት። ገበሬው ደንግጦ ምን ማድረግህ ነው ቢለው፣ መጀመሪያ ቀልቧን ወደኔ ልመልስ ብዬ ነው አለው። ተማሪዎቹ ይስቃሉ፤ መልእክቱ ግን ይደርሳቸዋል።

አንዳንዴም ከተረት አልፎ ይሄድ ነበር። የቁልፍ መያዣውን በሳውና ውስጥ አግሎ ከጎኑ የተቀመጠውን ወጣት ጭኑን ይነካው ነበር፤ ይህን የመሰከሩት የገዛ ተማሪዎቹ ናቸው። ብዙዎቹ ኋላ በፍቅር ነው የሚያወሩት። እኔ ግን ዕድሜዬን በሙሉ ጠመኔ ይዤ እንደኖረ ሰው ይህን አልደግፍለትም። ተማሪ ሰውነቱን አምኖ ሰጥቶሃል፤ እሱን ማቃጠል የትምህርት አካል አይሆንም። ይህን ካልተናገርኩ ሌላው ምስጋናዬ ሁሉ ዋጋ አይኖረውም ብዬ ነው ያነሳሁት።

በ1948 ወደ ዩጂን ሄዶ የዩኒቨርሲቲው የአትሌቲክስ ዋና አሠልጣኝ ሆነ። ውጤቱን በአጭሩ ልናገር። እስከ 1972 ባለው ጊዜ ቡድኑ አራት ጊዜ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1962፣ በ1964፣ በ1965 እና በ1970። ከእጁ 31 የኦሊምፒክ ተወዳዳሪዎች ወጡ። አሠልጣኝ ተብሎ መጠራት ግን አይወድም ነበር። ራሱን የሚያየው እንደ መምህር ነው፤ ሩጫ ደግሞ የሚያስተምረው የትምህርት ዓይነት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ የዛሬው ጉዳዬ እምብርት ይህ ነውና። በዚያ ዘመን የብዙ አሠልጣኞች እምነት ብዙ የሮጠ ብዙ ይጠነክራል የሚል ነበር። ዛሬም እኛ አገር ሰፈሩን ሁሉ አስከትሎ በየቀኑ ዳገት የሚያስወጣ አሠልጣኝ አይጠፋም። ባወርማን ግን ሥልጠና ሰውነትን የሚጎዳ ነገር ነው ብሎ ተነሳ። ሰውነት የሚጠነክረው ጉዳቱን ሲጠግን ነው፤ የሚጠግነው ደግሞ በዕረፍት ነው። ስለዚህ ከከባድ ቀን ቀጥሎ ቀላል ቀን ይመጣል። አንዱ ተማሪ አንድ ቀላል ቀን ይበቃዋል፤ ሌላው ሁለት ያስፈልገዋል። ለእያንዳንዱ የሚያዘው ልምምድ የተለየ ነበር።

ኬኒ ሙር የሚባል ተማሪ ነበረው፤ በኋላ ማራቶን ሯጭና ጸሐፊ ሆኗል። ሙር ታታሪ ነበር፤ በቀላሉ ቀን በድብቅ ተጨማሪ ኪሎ ሜትሮች ይሮጣል። ይደክማል፣ ይታመማል፣ ውጤቱም ባለበት ይቆማል። ባወርማን አንድ ቀን ያዘውና ለሦስት ሳምንት በቀን ከሦስት ማይል፣ ማለትም ከአምስት ኪሎ ሜትር ትንሽ ዝቅ ካለ ርቀት በላይ እንዳይሮጥ አዘዘው፤ እሱንም በቀስታ። ትእዛዙን ቢጥስ ከቡድኑ ይባረራል። ልጁ እንደተቀጣ ቆጠረው፤ አኮረፈ፤ ግን ፈራና ታዘዘ። ሦስቱ ሳምንት ሲያልቅ በሁለት ማይል ውድድር ገብቶ የራሱን ምርጥ ሰዓት ከ20 ሰከንድ በላይ አሻሻለ። እንዲህ ያለ መሻሻል ሯጮች በዓመታት ልፋት የሚያገኙት ነው። ሙር ይህን ታሪክ ዕድሜውን ሙሉ ሲናገረው ኖሯል።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ልጆቻቸውን የሚያሠለጥኑ ወላጆችና የክለብ አሠልጣኞች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሰነፉን ማስሮጥ ያን ያህል አይከብድም። ታታሪውን ዛሬ አርፈህ ተቀመጥ ብሎ ማሳመን ነው መምህርን የሚፈትነው። ባወርማን ይህን ፈተና ደጋግሞ አልፎታል፤ ከ1,500 ሜትር እስከ ማራቶን የወጡለት ሯጮች ይህን ይመሰክራሉ።

አሁን ወደ ጫማው ልምጣ። በ1950ዎቹ ባወርማን የሯጮቹ ጫማ ከባድ ሆኖ አገኘው። ለፋብሪካዎች ቀለል ያለ ጫማ ሥሩልኝ ብሎ ቢጽፍ የሚሰማው አጣ። ስለዚህ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄዶ ሙያውን ተማረ፤ ቆዳ መቁረጥ፣ በቅርጽ ላይ መወጠር፣ ሶል ማጣበቅ። ስሌቱ ቀላል ነው። የሯጭ እርምጃ ከሁለት ሜትር ትንሽ ያነሰ ነው ብንል በአንድ ማይል ውስጥ 880 ጊዜ ገደማ ይረግጣል። ከጫማው ላይ 28 ግራም ብትቀንስለት በእያንዳንዱ እርምጃ ያን ያህል ሸክም ቀለለለት ማለት ነው። ሲደመር በማይሉ መጨረሻ ወደ 25 ኪሎ ግራም ይሆናል። ለዚህ ብሎ የካንጋሮ ቆዳ ሳይቀር ሞክሯል። ጫማውን የሚሰፋው በእያንዳንዱ ተማሪ እግር ልክ ነው፤ ሲያልቅ ልጁን ያስሮጠዋል፤ ተመልሶ ይፈታዋል፤ እንደገና ይሰፋዋል።

በዚያው ዘመን፣ በመስከረም 1960 በሮም፣ ሁለት ነገሮች በአንድ ሳምንት ውስጥ ሆኑ። ማክሰኞ ዕለት ኦቲስ ዴቪስ የተባለ የባወርማን ተማሪ 400 ሜትርን በ44.9 ሰከንድ ጨርሶ ወርቅና የዓለም ክብረ ወሰን ወሰደ። ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ የገባው ቅርጫት ኳስ ሊጫወት ነበር፤ መሮጥ የጀመረው ሃያ ስድስት ዓመት ገደማ ሆኖት ነው። ከ45 ሰከንድ በታች ለመግባትም ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆነ። ቅዳሜ ደግሞ የኛው ሻምበል አበበ ቢቂላ ማራቶኑን በባዶ እግሩ አሸነፈ። አበበ ባዶ እግሩን የሮጠው የቀረበለት ጫማ ስላልተመቸው መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ልምምዱንም አብዛኛውን ያለ ጫማ ነበር የሚሠራው። የባወርማን ሐሳብ ከዚህ የራቀ አይደለም። ጫማ እግሩን ካልመሰለ ሸክም ነው ይል ነበር።

ሮም ላይ አበበን ተከትሎ ሦስተኛ የወጣው የኒውዚላንዱ ባሪ ማጊ ነው። የማጊ አሠልጣኝ አርተር ሊዲያርድ ይባላል፤ በዚያው ኦሊምፒክ ፒተር ስኔልንና መሪ ሃልበርግንም ለወርቅ ያበቃ ሰው ነው። ባወርማን በ1962 መጨረሻ ሯጮቹን ይዞ ኒውዚላንድ ሲሄድ ከእሱ ጋር ተገናኘ። ሊዲያርድ አንድ ማለዳ ከአካባቢው ሰዎች ጋር እንሩጥ ብሎ ጋበዘው። ሜዳው ላይ የተሰበሰቡት ሴቶች፣ ወንዶች፣ ልጆችና ሽማግሌዎች ነበሩ። ባወርማን 51 ዓመቱ ነው፤ ጤነኛ ነኝ ብሎ ያምናል። ዳገቱ ሲጀምር ግን ትንፋሹ አጠረ። ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ የልብ ሕመም ደጋግሞ የጣላቸው አንድ ሽማግሌ ወደ ኋላ ቀርተው እያጫወቱ አብረውት ሮጡ። እሳቸው ያወራሉ፤ እሱ መመለስ እንኳ አቅቶታል።

ብዙ ታዋቂ ሰው እንዲህ ያለ ገጠመኝ ቢደርስበት ለማንም አይናገርም። ባወርማን ግን በቆየባቸው ሳምንታት በየቀኑ ሶምሶማ እየሮጠ ሸንቀጥ ያለ ሰው ሆኖ ወደ ሚስቱ ተመለሰ። በ1963 መጀመሪያም የዩጂንን ሕዝብ በጋዜጣ ጠርቶ ኑ ሄይዋርድ ፊልድ እንሩጥ አለ። መጀመሪያ ጥቂት ሰዎች መጡ፤ ከዚያ መቶዎች፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሜዳው የማይችለው ሕዝብ ጎረፈ። ይህን ሲያይ ሥነ ሕይወት መምህሩ ነቃ። ይህ ሁሉ ጎልማሳ ያለ ምርመራ ሮጦ አንዱ ልቡ ቀጥ ቢል ማን ይጠየቃል? ሁሉንም ወደ ቤታቸው ሰደዳቸውና ዋልዶ ሃሪስ ከተባለ የልብ ሐኪም ጋር ተቀመጠ። በጥቂት ሰዎች ላይ ከእርምጃ ጀምረው ቀስ በቀስ ወደ ሶምሶማ የሚያሸጋግር ፕሮግራም ሞከሩ። መመዘኛው ማንም ሊይዘው የሚችል ነበር፤ እየሮጥክ ከጎንህ ካለው ሰው ጋር ማውራት ካልቻልክ ፈጥነሃልና ቀንስ። በ1967 ያሳተሙት መጽሐፍ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ።

እስከዚያ ጊዜ ድረስ በአሜሪካ ጎዳና ላይ ጎልማሳ ሰው ሲሮጥ ከታየ ሌባ አባርሮት ወይም ፖሊስ አሳዶት ይመስል ነበር። ዛሬ ማለዳ መስቀል አደባባይ ቁምጣ ለብሰው የሚወጡ የባንክ ሠራተኞችና ጡረተኞች የባወርማንን ስም አያውቁ ይሆናል። ሶምሶማ የተራ ሰው መብት ነው ብለው በዓለም ላይ ቀድመው ከተነሱት መካከል ግን ሊዲያርድና እሱ ናቸው።

ንግዱ የመጣው እንዲህ ነው። ፊል ናይት የሚባል የቀድሞ ተማሪው ነበረው፤ መካከለኛ ርቀት ሯጭ ነው፤ በሩጫ ከቡድኑ ምርጦች አልነበረም። ስለዚህም ነው ባወርማን አዳዲስ ጫማዎቹን እሱ ላይ የሚሞክረው፤ ቢበላሽ ቡድኑ ብዙ አይጎዳምና። ናይት በኋላ የንግድ ትምህርት ተምሮ ከጃፓኑ ኦኒትሱካ ኩባንያ ታይገር የተባለ ጫማ ለማስመጣት ተስማማ። ናሙናውን ለአሮጌው መምህሩ ላከለት፤ ቢበዛ ለቡድኑ ጥቂት ጥንድ ይገዛኛል ብሎ። ባወርማን ግን አብረን እንሥራ አለው። በጥር 1964 ተጨባበጡ፤ እያንዳንዳቸው 500 ዶላር አዋጡ። ከድርሻው 51 በመቶውን ናይት ያዘ፤ ባወርማን 49 በመቶ ወሰደ። ወጣቱ ይምራው፤ እኔ ጫማውን ልይ የሚል አከፋፈል ነው። ናይት ጫማውን በመኪናው ኋላ ጭኖ በየውድድሩ ሜዳ እየዞረ ሸጠ።

ባወርማን በዚህ መካከል የጃፓኑን ጫማ እየቀደደ ውስጡን ያያል። ኬኒ ሙር እግሩን ሲጎዳ ያደረገውን ጫማ ፈትቶ የመሐል እግር ድጋፍ እንደሌለው አገኘ። ከዚያ ተነስቶ ተረከዙንና መሐሉን የሚያለሰልስ አዲስ ጫማ ነደፈ፤ ኮርቴዝ በሚል ስም በዓለም የታወቀው ጫማ የተወለደው ከአንድ ተማሪ ሕመም ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ታሪክ በጣም ስለታወቀ ተረት ይመስላል፤ ግን እውነት ነው። ሄይዋርድ ፊልድ መሙ ሰው ሠራሽ ሆኖ ነበር። ባወርማን በዚህም በሣርም ላይ ያለ ሚስማር የሚቆነጥጥ ሶል ይፈልግ ነበር። በ1970ዎቹ መባቻ አንድ እሑድ ጠዋት ከባርባራ ጋር ቁርስ ላይ ሳለ ዓይኑ የዋፍል መጋገሪያው ላይ አረፈ። ዋፍል በሁለት ትኩስ ብረት መካከል የሚጋገር፣ ላዩ እንደ መስኮት አራት ማዕዘን ጉድጓድ ያለው ቂጣ ነው። ጉድጓዱ ተገልብጦ ወደ ላይ ቢወጣስ? ጎማ የሚሠራበትን ዩሪቴን አመጣና መጋገሪያው ላይ አፈሰሰው። መቀባት ረሳ፤ ብረቱ ተጣብቆ አልከፈት አለ። የሠርግ ስጦታቸው የነበረው ዕቃ እንዲህ ሆነ። ሌላ መጋገሪያ ገዝቶ ቀጠለ፤ በ1974 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተሰጠው፤ ናይኪ የሚለውን ስም በ1971 ለጫማዎቹ የያዘው ኩባንያም በዚያ ሶል ቆመ። የመጀመሪያው መጋገሪያ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ2010፣ ከቤታቸው ግቢ ቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ ዝጎ ተገኘ።

የዚህን ሥራ ዋጋ ግን ጥቂት ሰው ነው የሚያነሳው። ባወርማን በትንሽ፣ አየር በማይገባባት ክፍል ውስጥ ለዓመታት ከማስቲሽና ከማቅጠኛው ጋር ተዘግቶ ሠርቷል። ትነቱ የእግሩን ነርቮች ጎዳው። ሌላውን ሁሉ ያስሮጠው ሰው በኋላ ዕድሜው እያነከሰ ነው የሄደው፤ የሠራቸውን ጫማዎች አድርጎ መሮጥ አልቻለም። ጫማ ሰፊዎቻችን፣ በተለይ በጠባብ ክፍል ከማስቲሽ ጋር የምትውሉ ወጣቶች፣ መስኮት ክፈቱ። ይህን ለመናገር ብቻ እንኳ ይህ ንግግር ይገባው ነበር።

ቤተሰቡን በተመለከተ፣ ባወርማንና ባርባራ ሦስት ወንዶች ልጆች አፍርተዋል። ከዩጂን ወጣ ብሎ ከማኬንዚ ወንዝ በላይ ባለ ኮረብታ ላይ ቤት ሠሩ፤ ከታች ውሃ ይሄዳል፣ ከጓሮ ከብት ይግጣል። ልጆቹ ያደጉት ከቤት ውጭ ነው ማለት ይቻላል። ከእነሱ አንዱ ጄይ በበረዶ መንሸራተቻ እየሄዱ ዒላማ በሚተኮስበት ውድድር በ1972 በጃፓን ሳፖሮ ኦሊምፒክ አገሩን ወክሏል። ተማሪዎችም ወደዚያ ቤት ይጠሩ ነበር። ስለ ባርባራ በቂ አይነገርም፤ በዚያ ቤት የወጣቶቹ ሁሉ እናት እሷ ነበረች፣ የሶሉ ሐሳብም የተገኘው ከእሷ ማዕድ ነው።

በዚያው 1972 ባወርማን በሙኒክ ኦሊምፒክ የአሜሪካ አትሌቲክስ ቡድን ዋና አሠልጣኝ ነበር። ገና ሲደርስ የኦሊምፒክ መንደሩ ጥበቃ የላላ መሆኑ አሳስቦት ነበር። መስከረም 5 ቀን ከንጋት በፊት በሩ ተንኳኳ። የቆመው ሻውል ላዳኒ የተባለ እስራኤላዊ የእርምጃ ተወዳዳሪ ነበር፤ ታጣቂዎች የእስራኤልን ቡድን ክፍል ገብተው ነበርና አምልጦ ነው የመጣው። ባወርማን ወዲያው ወደ አሜሪካ ቆንስላ ደውሎ ወታደር እንዲላክ ጠየቀ፤ በሕንፃው ውስጥ አይሁዳውያን አሜሪካውያን አትሌቶች እንዳሉ አስቦ። ወታደሮቹ መጡ፤ ይህን በማድረጉ በኋላ በባለሥልጣናት ዘንድ ተወቅሷል። አሥራ አንድ የእስራኤል ቡድን አባላት ተገደሉ። እኔ በዚያ ሌሊት ያደረገውን ከሜዳሊያዎቹ ሁሉ አስበልጣለሁ። ደንብ ሳያይ መጀመሪያ የልጆቹን በር የሚጠብቅ ሰው ነበር።

ውድድሩ ለአጭር ጊዜ ተቋርጦ ቀጠለ። በማራቶኑ አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር አንደኛ፣ ቤልጅየማዊው ካሬል ሊስሞንት ሁለተኛ ወጡ። ሦስተኛ የወጣው አርባ ዓመት የሞላው ሻምበል ማሞ ወልዴ ነው፤ ከአራት ዓመት በፊት የሜክሲኮው ወርቅ ባለቤት የነበረው። ማሞ የገባው በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ08 ሰከንድ ነው። ከ31 ሰከንድ በኋላ አራተኛ ሆኖ የገባው ማን ነው? ያ ታታሪ ተማሪ፣ ኬኒ ሙር።

ባወርማን ከዩኒቨርሲቲው ጡረታ ወጥቶ ወደ ፎሲል ተመለሰ። ከናይኪ ድርሻው ከፊሉን ለሠራተኞች አስተላለፈ፤ ከሥራውም ቀስ በቀስ ራቀ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአንድ ሕንዳዊ መምህር ሃይማኖታዊ ተከታዮች በልጁ የከብት እርባታ አጠገብ ሰፊ መሬት ገዝተው ከተማ መቆርቆር ሲጀምሩ፣ ሽማግሌው ማኅበር አቋቁሞ በሕግ ተከራከራቸው። የገጠሩ ሰው መሬቱንና ውሃውን እንዴት እንደሚወድ ከዚህ ይታያል። በታኅሣሥ 24 ቀን 1999፣ በ88 ዓመቱ፣ እዚያው ፎሲል ዐረፈ።

ከመቀመጤ በፊት ወደ ኬኒ ሙር ልመለስ፤ የመምህርን ሥራ ለመመዘን ከተማሪው የተሻለ ሚዛን አላውቅም። ማሞ ወልዴ ከመንግሥት ለውጥ በኋላ፣ በ1992፣ በደርግ ዘመን ግድያ ተጠርጥሮ ታሰረ፤ ፍርድ ሳያገኝ ዓመታት አለፉ። ዓለም ረስቶት ነበር። በ1995 ሙር፣ በዚያን ጊዜ የአንድ ታዋቂ የስፖርት መጽሔት ጸሐፊ፣ አዲስ አበባ ድረስ መጣ። በሙኒክ 31 ሰከንድ ቀድሞት የነሐሱን ሜዳሊያ የወሰደበትን ሰው ጉዳይ ጠየቀ፣ ቤተሰቡን አነጋገረ፣ ረጅም ጽሑፍ አሳተመ። ብዙ ሯጮችና የስፖርት ሰዎች ጉዳዩን ከዚያ በኋላ ያዙት። ማሞ ጥፋተኛ ነው ተብሎ ስድስት ዓመት የተፈረደበት በ2002 መጀመሪያ ነው፤ ከዚያ በላይ ታስሮ ስለነበር ተለቀቀ። በዚያው ዓመት ግንቦት ዐረፈ።

ሙር ስለ መምህሩ የጻፈው ትልቅ መጽሐፍ በ2006 ታትሟል፤ እሱም በ2022 አርፏል። ዛሬ ከነገርኳችሁ የሚበዛው፣ ስለ ቀላል ቀን የተናገርኩትም ስለ ማስቲሹም፣ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ በሰፊው ተጽፏል። በዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁ ተርጓሚዎችና የስፖርት ፌዴሬሽን ሰዎች አላችሁ። ቢያንስ ስለ ልምምድና ስለ ዕረፍት የሚያወራውን ክፍል ወደ አማርኛ መልሱልን፤ ከበቆጂ እስከ ደብረ ብርሃን ያሉ አሠልጣኞቻችን በእጃቸው ይያዙት። አሁን ጥያቄ ያላችሁ፣ መድረኩ የእናንተ ነው።